«ከየት አገኘኸው?» - ልጆች ካነበቡት ጠቅሰው እንዲጽፉ

የራስ ዳሽን ከፍታ ስንት ሜትር ነው? ዛሬ ጎልማሳ የሆነው አብዛኛው አንባቢ ሳያመነታ «4,620» ይላል፡፡ በትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ነውና፡፡ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጽሑፎችን የሚያገላብጥ ልጅ ግን 4,550 ወይም 4,533 የሚል ሊያገኝ ይችላል፡፡ ተራራው አላጠረም፤ የተለወጠው ልኬቱ ነው፡፡ አባትና ልጅ በዚህ ጉዳይ ቢከራከሩ ክርክሩን ወደ ፍጻሜው የሚያቀርበው የማን ድምፅ ከፍ አለ የሚለው ሳይሆን «ከየት አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ ነው፡፡

ለመሆኑ ልጆቻችን ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ይጠየቃሉ? በእኔ ግምት እጅግ ጥቂት ጊዜ፡፡ በአማርኛ መማሪያ መጽሐፋቸው ምንባብ አለ፡፡ ከምንባቡ ሥር «በምንባቡ መሠረት ትክክል የሆነውን እውነት፣ ስሕተት የሆነውን ሐሰት በሉ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል፡፡ ተማሪው «እውነት» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩ ራይት ያደርግበታል፤ ያልፋሉ፡፡ የትኛው ዓረፍተ ነገር «እውነት» እንዳሰኘው የሚጠይቀው የለም፡፡ ጥቂት ገጾች ቆይቶ ደግሞ «ስለ ክረምት አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል መልመጃ ይመጣል፡፡ ይኼኛው ከምንባቡ ጋር አይገናኝም፡፡ ንባቡና ድርሰቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም፡፡

የቋንቋ መምህራን አስረጂ ድርሰት የሚሉት የጽሑፍ ዓይነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፡፡ ተራኪ ድርሰት ታሪክ ያወጋል፤ ስዕላዊ ድርሰት አንድን ነገር በዓይነ ሕሊና እንድናይ ያደርጋል፤ አስረጂው ግን አንድን ጉዳይ ለማያውቀው ሰው ያስረዳል፡፡ ለማስረዳት ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አብዛኛው ጉዳይ ሊያውቅ የሚችለው አንብቦ ወይም ጠይቆ ነው፡፡ ስለዚህ ልጁ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ያንን ከምን ተነሥቶ እንዳለ ማሳየት አለበት፡፡

ይህ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ሊመስል ይችላል፡፡ በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት «ኮመን ኮር» የተሰኘው የትምህርት መለኪያ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ካነበበው ጽሑፍ ማስረጃ እያወጣ እንዲጽፍ ይጠይቃል፡፡ ጎንደር ግን ይህን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልጋትም፡፡ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት የተቀመጠ ተማሪ ሥራው ይኸው ነው፡፡ መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማሉ፤ ቀጥለው በአማርኛ ይፈቱታል፤ ከዚያም «አንድም» እያሉ ሌላ ፍች፣ ደግሞም ሌላ ፍች ያመጣሉ፡፡ ፍቹ ከራሳቸው የመነጨ እንዳልሆነ ለማሳየት ከሌላ መጽሐፍ ቃሉን ይጠቅሱና «እንዲል» ብለው ያስሩታል፡፡ ያቺ «እንዲል» የምትባል አጭር ቃል ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የግርጌ ማስታወሻ የሚሠራውን ሥራ ትሠራ ነበር፤ ዛሬም ትሠራለች፡፡ የታች ቤት ትርጓሜ በጎንደር ዘመን ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገር ነው፡፡ በአደባባይ ሙግትም ቢሆን በላ ልበልሃ የተባባሉ ባላጋራዎች ንግግር በማሳመር ብቻ አይረታቱም፤ ምስክር ይቆጠር ነበር፡፡

ይህን ያነሣሁት ለአገር ኩራት ብዬ አይደለም፡፡ የቄስ ትምህርት ቤቱ በቃል ማጥናት ወደ ዘመናዊው ክፍል ሲገባ «እንዲል» ደጅ የቀረች ስለሚመስለኝ ነው፡፡ የዛሬው ተማሪ ማስታወሻውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ማን እንዳለውና የት እንደተጻፈ ግን ሊነግርዎ አይችልም፡፡ ፈተናውም አይጠይቀውም፡፡ የክልልም ሆነ የብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት አንዱን ያጠቁራል፡፡ አንዲት ልጅ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፋ ሳትፈተን ከዓመት ዓመት ልታልፍ ትችላለች፡፡ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመመረቂያ ጽሑፍ አምጪ ትባላለች፤ የሰው ሥራ ገልብጣ ብታመጣ እንገረማለን፡፡

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፡፡ በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቷል፡፡ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ተራድኦ ድጋፍ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተዘጋጁ፡፡ ይህም ሆኖ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ወደ መጨረስ በደረሱበት ዕድሜ ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት ልጆች 90 በመቶ እንደሚሆኑ ገምቷል፡፡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩም አንባቢ ያስታውሳል፡፡ ታዲያ ማንበብ ያልሆነለትን ልጅ «ካነበብከው ጠቅሰህ ጻፍ» ማለት ቅንጦት አይሆንም ወይ?

አይሆንም ባይ ነኝ፡፡ ምክንያቱም ጣቱን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አሳርፎ «ይኸውና፣ እዚህ ይላል» ያለ ልጅ እያነበበ ነው፡፡ እንዲያውም መረዳቱን የምናውቅበት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለ አይመስለኝም፡፡ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ የመለሰ ልጅ በግምት የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ስድስት ዓረፍተ ነገር ካለው ምንባብ ትክክለኛውን መዝዞ ያወጣ ግን በዕድል ነው ለማለት ያስቸግራል፡፡

በምሳሌ እንየው፡፡ ደባርቅ ውስጥ ያለ የ4ኛ ክፍል መምህር ይህችን ምንባብ በሰሌዳ ላይ ጻፈ እንበል፡፡

«(1) ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም፡፡ (2) ዋና ምግቡ ሣር ነው፡፡ (3) ቀን ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣሩን በእጁ እየነጨ ይበላል፡፡ (4) ሲመሽ ወደ ገደል ወርዶ ያድራል፡፡ (5) ገደሉ እንደ ነብር ካሉ አዳኞች ይጠብቀዋል፡፡ (6) በደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፡፡»

ጥያቄው «ጭላዳ ከገደል የማይርቀው ለምንድን ነው?» የሚል ነው፡፡ ማንኛውም መምህር የሚመጡለትን መልሶች አስቀድሞ ያውቃቸዋል፡፡ አንዱ ልጅ «ጭላዳ በጣም ቆንጆ እንስሳ ነው፤ ሁላችንም ልንንከባከበው ይገባል» ይላል፡፡ (ድርሰትን በ«ይገባል» መዝጋት ከየት እንደተጀመረ አላውቅም እንጂ ከጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ እስከ 4ኛ ክፍል ደብተር ድረስ ወርሶናል፡፡) ሁለተኛዋ ስድስቱንም ዓረፍተ ነገሮች በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ትገለብጣለች፡፡ ሦስተኛው «ስለሚፈራ» ብሎ በአንዲት ቃል ይገላገላል፡፡

ከሦስቱ ለመልሱ የቀረበው ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ማርክ የሚያገኘውም እሱ ነው፡፡ መምህሩ ግን «ጎበዝ፤ እንደሚፈራ ከየት አገኘኸው?» ቢለው ልጁ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ቁጥር 5ን ያሳያል፡፡ «ሌላስ?» ሲባል ቁጥር 4ን ይጨምራል፡፡ «ቁጥር 6ስ ይረዳናል?» ሲባል ያስባል፡፡ ቀዩ ደረት እውነት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አይረባም፡፡ እውነት ሆኖ የማይረባን ነገር መተው ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም ከባዱ የጽሑፍ ሥራ ነው፤ ለዚህች ጥያቄ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ቢሄድ አይቆጭም፡፡

ከዚያ በኋላ ክፍሉ በጋራ፣ መምህሩ በጠመኔ እየጻፈ፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ ማውጣት ይችላል፡፡ «ጭላዳ ከገደል የማይርቀው ለደኅንነቱ ነው፡፡ ምንባቡ ሲመሽ ወደ ገደል ወርዶ እንደሚያድርና ገደሉም ከነብር እንደሚጠብቀው ይናገራል፡፡ ስለዚህ ሣሩ ያለው ሜዳ ላይ ቢሆንም ማደሪያውን ጥሎ ሩቅ አይሄድም፡፡» የመጀመሪያው ኃይለ ቃል ነው፤ ለጥያቄው መልስ ይሰጣል፡፡ ሁለተኛው ማስረጃው ነው፡፡ ሦስተኛው በምንባቡ ውስጥ እንደዚያ ተጽፎ አይገኝም፤ ልጆቹ ካነበቡት ተነሥተው ያሰቡት ነው፡፡ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ሦስተኛው ነው፡፡ ልጁ ጥቅሱን ያስቀምጥና ጥቅሱ ምን እንደሚያሳይ ሳይናገር ያልፋል፡፡ መጀመሪያ ሰሞን «ምንባቡ … ይላል፡፡ ይህም … ያሳያል፡፡» የሚል ክፍት ቦታ ያለው ማዕቀፍ በካርቶን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይረዳል፡፡ ቆየት ብሎ ይነሣል፤ ካልተነሣ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ድርሰት ይጽፋል፡፡

አሁን ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይነሣል፡፡ «ጋሼ፣ ጭላዳ የኛን ገብስ ይጨርሳል እኮ!» ይህ በምንባቡ ውስጥ የለም፡፡ ነገር ግን እውነት ነው፤ በስሜን ተራሮች ዙሪያ የሚያርስ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ የተለመደው ምላሽ «ምንባቡ ላይ የሌለ አትናገር» ነው፡፡ በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፡፡ ልጁ ያመጣው ማስረጃ ነው፤ ምንጩ ብቻ ሌላ ነው፡፡ ስለዚህ ምንጩን ይናገር፡- «በዓይኔ እንዳየሁት»፣ «አባቴ እንደነገሩኝ»፡፡ ከዚያ ክፍሉ ምንባቡ ስለ ሣር ብቻ የተናገረውን ልጁ ካመጣው ጋር ያስተያያል፡፡ መጽሐፍ ሁሉን እንደማይናገር፣ የገበሬ ልጅ የሚያውቀውም በወጉ ከተጠቀሰ ከመጽሐፍ ጎን እንደሚቆም የሚማሩት ያኔ ነው፡፡

ለዚህ ደግሞ አማርኛ ራሱ ያግዘናል፡፡ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ «ዝናብ መጣ» እና «ዝናብ መጣ አሉ» የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል፡፡ በ«አሉ» የተነገረውን ልብስ ከማስገባቱ በፊት ወጣ ብሎ ሰማዩን ያያል፡፡ «ይባላል»፣ «እንደሚሉት»፣ «እንዳየሁት»፣ «ተብሎ ተጽፏል» የሚሉት አነጋገሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክብደት አላቸው፡፡ መምህሩ አዲስ ነገር ማስተማር አይጠበቅበትም፤ ልጁ በአፉ የሚያውቀውን ወደ ደብተሩ እንዲያወርደው መርዳት ነው ሥራው፡፡ ጉዳዩ የማርክ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል፡፡ ሰሜን ጎንደር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት አይቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስልክ ላይ የሚደርስ ወሬ ሰው ያፈናቅላል፣ ያጋድላል፡፡ «አሉ»ን ከ«አየሁ» የማይለይ አንባቢ ይዞ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም፡፡

ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ሲሆን አንድ ምንባብ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፡፡ የጎንደር ከተማ መምህራን እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው፡፡ ነገር ግን «ስለ ፋሲል ግንብ ጻፉ» ያለ መምህር የሚያገኘው «ትልቅ»፣ «የሚያምር»፣ «የሚያኮራ» የሚሉ ቅጽሎች ክምር ነው፡፡ ለ«የሚያምር» ማስረጃ ከየት ይመጣል? «ፋሲል ግቢን የሠራው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ልጆቹን ወደ ጽሑፍ ይሰዳቸዋል፡፡ እዚያም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውና 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበው ግቢ የአፄ ፋሲል ብቻ እንዳልሆነ ያገኛሉ፡፡ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት አለ፤ የአፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ፡፡ «ፋሲል ግቢ የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም» የሚለው ኃይለ ቃል እንግዲህ ልጁ ራሱ ፈልጎ የደረሰበት ይሆናል፤ ከሥሩ የሚደረደሩት መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮችም እያንዳንዳቸው ምንጭ አላቸው፡፡

በዚህ ሥራ ላይ አንድ እንቅፋት መምጣቱ አይቀርም፤ ለእኔ ግን በረከት ነው፡፡ አንዱ ጽሑፍ ከተማዋ በ1636 ተቆረቆረች ይላል፤ ሌላው 1628፡፡ ልጆቹ አንደኛው ተሳስቷል ብለው ይጣላሉ፡፡ አልተሳሳተም፤ አንደኛው በአውሮፓውያን፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር የጻፈ ነው፡፡ ቁጥር ሲጠቅሱ የዘመን አቆጣጠሩን አብሮ መጥቀስ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም፡፡ አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጸሐፊዎችም ቢማሩት አይጠላም፡፡

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል? ለእያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ማረም ለማንም መምህር አይቻልም፡፡ አምስት አምስት ሆነው አንድ አንቀጽ ቢጽፉ ግን የሚታረመው አሥራ ሁለት ወረቀት ነው፡፡ (የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በሌላ ምክንያት ስሙ ቢከፋም ለዚህ ሥራ ይሆናል፡፡) አንዱ ያነባል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ «ከየት አገኛችሁት?» እያለ ይሞግታል፡፡ ይህ ሞጋች በየሳምንቱ መቀያየር አለበት፤ አለዚያ ጎበዙ ልጅ ብቻ ይዞት ይቀራል፡፡ ትንንሾቹ ክፍሎች ሳይጽፉ በአፍ ቢያደርጉትም ይበቃል፡፡

አስተራረሙም ትንሽ መለወጥ ይኖርበታል፡፡ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሀሌታው «ሀ» በሐመሩ «ሐ» ፈንታ መግባቱን እያከበበ ድርሰቱ አንዲት ማስረጃ እንደሌላት ሳያይ የሚያልፍ መምህር ብዙ ነው፡፡ ፊደል መጠበቁን አልቃወምም፡፡ ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር ሦስት ነገር ብቻ ቢታይ፡- ለጥያቄው መልስ አለ ወይ? ከምንባቡ የተጠቀሰ አለ ወይ? የተጠቀሰው መልሱን ይደግፋል ወይ? ፊደሉ በሁለተኛው ዙር ይደርሳል፡፡

ወላጆችን በተመለከተ የከተማው ሰው አስጠኚ ይቀጥራል፤ አስጠኚው ድርሰቱን ይጽፍለታል፤ ልጁ ይገለብጣል፡፡ አሁን ደግሞ አስጠኚም ቀርቶ ስልክ መጻፍ ጀምሯል፡፡ ስልኩን መከልከል ብዙም አያዛልቅም፡፡ ልጁ ያመጣውን አንቀጽ እያነበቡ አንዱን ዓረፍተ ነገር መርጦ «ይህን የትኛው ገጽ ላይ አገኘኸው? እስቲ አሳየኝ» ማለት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም፡፡ ራሱ ጽፎት ከሆነ ሮጦ መጽሐፉን ያመጣል፡፡

መጽሐፍ በማይዳረስባቸው የጃናሞራና የበየዳ ትምህርት ቤቶች፣ ዓመት ሁለት ዓመት ከትምህርት ርቀው በሚመለሱ ልጆች ክፍል፣ ምንባቡን ማዘጋጀት በመምህሩ ላይ ይወድቃል፡፡ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚለጥፉት የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የሚገኙ ጽሑፎች፣ የቆየ ጋዜጣ ሁሉ መነሻ ይሆናሉ፡፡ በማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ በማርከር የተጻፈ ምንባብ ለብዙ ክፍሎች፣ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፡፡ ከግርጌው ምንጩን መጻፍ እንዳይረሳ፤ ልጆቹ መምህሩንም «ከየት አገኙት?» ማለታቸው አይቀርም፡፡ ከላይ ያለውን የጭላዳ ምንባብ መጠቀም የፈለገ መምህር «ለማስተማሪያ በጋዜጣ ጸሐፊ የተዘጋጀ» ብሎ ይጻፍበት፡፡